በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚደርስ ጾታዊ ጥቃትን መከላከል

በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚደርስ ጾታዊ ጥቃትን መከላከል በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ውስጥ ተማሪዎች ላይ የሚፈጸሙ ወሲባዊ ጥቃቶች ከመድረሳቸው በፊት እንዲቀሩ የሚደረጉ ትምህርቶች፣ ደንቦችና የአካባቢ ለውጦች የጋራ መጠሪያ ነው። ጥቃት ከደረሰ በኋላ የሚሰጠው ሕክምና፣ የምክር አገልግሎትና የፍርድ ሂደት ከመከላከል ጋር ቢያያዝም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጥናት የተካሄደው በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ ነው። ከጥናቶቹ የተገኘው ዋና ትምህርት አመለካከትን መለወጥና ጥቃትን መቀነስ አንድ አለመሆናቸው ነው። ተማሪዎች ስለ ጥቃት ያላቸው እውቀትና አስተያየት በአንድ ቀን ገለጻ ሊሻሻል ይችላል፤ የጥቃቱ ቁጥር ግን ሳይቀንስ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ይሠራል ለማለት ስንት ተማሪ ሠለጠነ ብሎ መቁጠር አይበቃም፤ ከሥልጠናው በኋላ ጥቃቱ ቀነሰ ወይ የሚለው መለካት አለበት።

ትርጉምና ዓይነቶች

ጾታዊ ጥቃት ሰፊ ቃል ነው። አስገድዶ መድፈርን፣ የመድፈር ሙከራን፣ ያለ ፈቃድ ሰውነትን መነካካትን፣ በማስፈራራት ወይም ሥልጣንን በመጠቀም ለግብረ ሥጋ ግንኙነት ማስገደድን ያካትታል። ጾታዊ ትንኮሳ የሚባለው ደግሞ ያልተፈለገ ወሲባዊ ንግግርን፣ ጥያቄን፣ መልእክትን ወይም ክትትልን ነው። ጥቃቱ በሁለቱም ጾታዎች ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ነገር ግን በአብዛኞቹ ጥናቶች ከፍተኛው ቁጥር የሚታየው በሴት ተማሪዎች ላይ ነው።

በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ያለው የአጥቂ ምስል በጨለማ መንገድ ላይ የሚጠብቅ የማይታወቅ ሰው ነው። በዩኒቨርሲቲዎች የተደረጉ ጥናቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቃት አድራሹ ተጠቂዋ የምታውቀው ሰው መሆኑን ያሳያሉ፦ የክፍል ጓደኛ፣ የወንድ ጓደኛ፣ የጓደኛ ጓደኛ ወይም መምህር። መብራትና የጥበቃ ሠራተኛ መጨመር ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን ችግሩን የማይፈታው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቃቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው በሩ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ፣ እምነት በተጣለበት ሰው ነው።

ፈቃድ የሚለው ቃል በመከላከል ትምህርት ውስጥ ማዕከላዊ ቦታ አለው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሕግ የመንግሥት ድጋፍ የሚያገኙ ኮሌጆች ፈቃድን በግልጽ፣ በንቃትና በፈቃደኝነት የተሰጠ ስምምነት ብለው እንዲተረጉሙ ያስገድዳል። በዚህ ትርጉም መሠረት ዝም ማለት ወይም አለመታገል እንደ ፈቃድ አይቆጠርም፤ ቀድሞ የተሰጠ ፈቃድም በማንኛውም ጊዜ ሊነሳ ይችላል። የተኛ ወይም ራሱን የማያውቅ ሰው ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም።

የችግሩ ስፋት

በአሜሪካ ስለ ጉዳዩ የመጀመሪያው ሰፊ አገር አቀፍ ጥናት በሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሜሪ ኮስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1987 ታትሟል። ጥናቱ በ32 ኮሌጆች የሚማሩ ከ6,000 በላይ ተማሪዎችን የጠየቀ ሲሆን፣ ከሴቶቹ 27.5 ከመቶ የሚሆኑት ከ14 ዓመታቸው ጀምሮ በሕግ መድፈር ወይም የመድፈር ሙከራ ተብሎ የሚተረጎም ድርጊት እንደደረሰባቸው ገልጸዋል። ኮስ «ተደፍረሽ ታውቂያለሽ?» ብላ በመጠየቅ ፋንታ ድርጊቱን በዝርዝር ገልጻ «ይህ ደርሶብሽ ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ማቅረቧ በጥናቱ ዘዴ ላይ ትልቅ ለውጥ አመጣ። ድርጊቱ የደረሰባቸው ብዙ ሴቶች የደረሰባቸውን ነገር «መድፈር» ብለው አይጠሩትምና።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 በ27 ዩኒቨርሲቲዎች ባካሄደው ጥናት ከ150,000 በላይ ተማሪዎች ተሳትፈዋል። የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚማሩ ሴቶች 23.1 ከመቶ የሚሆኑት ዩኒቨርሲቲ ከገቡ ወዲህ በኃይል፣ በማስፈራራት ወይም ራሳቸውን መቆጣጠር በማይችሉበት ሁኔታ ያልፈቀዱት ወሲባዊ ድርጊት ወይም መነካካት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። በ2019 በ33 ተቋማት በተደገመው ጥናት ቁጥሩ 25.9 ከመቶ ነበር። በሁለቱም ጥናቶች መጠይቁ ከደረሳቸው ተማሪዎች መልስ የሰጡት ከአምስት አንድ አካባቢ ብቻ በመሆናቸው ቁጥሩ በጥንቃቄ መነበብ አለበት።

ተመራማሪዎች ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ልዩ ትኩረት ይሰጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ተማሪዎች ከቤተሰብ ርቀው አዲስ ጓደኛ የሚፈልጉበት፣ የግቢውን ሁኔታ ገና ያላወቁበትና ማን እንደሚታመን ያልለዩበት ጊዜ ነው። ብዙ የመከላከያ ፕሮግራሞች በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ታሪክና ሕግ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ታይትል ናይን በሚል የሚታወቅ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚያገኙ የትምህርት ተቋማት ውስጥ በጾታ ምክንያት መድልዎ ማድረግን ከለከለ። ሕጉ ሲወጣ ስለ ጾታዊ ጥቃት በስም አልጠቀሰም። በ1977 የዬል ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች በመምህራን የሚደርስ ትንኮሳ የትምህርት ዕድልን የሚነፍግ መድልዎ ነው ሲሉ ክስ አቀረቡ። ተማሪዎቹ በመጨረሻ በ1980 በይግባኝ ባይረቱም፣ ለፈቃደኝነት ውጤትን መደራደሪያ ማድረግ ጾታዊ መድልዎ ነው የሚለው ሐሳብ በፍርድ ቤት ተቀባይነት አገኘ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም የቅሬታ ማቅረቢያ ሥርዓት ማቋቋም ጀመሩ።

ጂን ክሌሪ የተባለች የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 በዶርሟ ውስጥ ተደፍራ ተገደለች። ወላጆቿ ባደረጉት ትግል በ1990 በስሟ የሚጠራው ሕግ ወጣ። ሕጉ ዩኒቨርሲቲዎች በግቢያቸው የተፈጸሙ ወንጀሎችን ቁጥር በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። በ2013 በተደረገለት ማሻሻያ ተቋማቱ ለአዲስ ተማሪዎችና ለአዲስ ሠራተኞች የመከላከያ ትምህርት የመስጠት ግዴታ ተጣለባቸው።

የወንጀል ቁጥርን ማሳወቅ የራሱ ወጥመድ አለው። ቅሬታ የሚሰማበት ጥሩ ሥርዓት ያለው ዩኒቨርሲቲ ብዙ ሪፖርት ስለሚደርሰው አደገኛ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ተማሪዎች ለመናገር የሚፈሩበት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዜሮ አስመዝግቦ ሰላማዊ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የሪፖርት መብዛት ብቻውን የጥቃት መብዛት ማስረጃ አይደለም። ትክክለኛውን ሁኔታ ለማወቅ ስም ሳይጠቀስ የሚሞላ መጠይቅ ያስፈልጋል።

የመከላከያ መንገዶች

የአንድ ጊዜ ትምህርት

በጣም የተለመደው መንገድ አዲስ ተማሪዎችን በአዳራሽ ሰብስቦ ገለጻ መስጠት፣ ፊልም ማሳየት ወይም በኮምፒውተር የሚሞላ አጭር ትምህርት ማዘጋጀት ነው። ርካሽ ነው፤ ብዙ ተማሪ ይደርሳል፤ ሕግ የሚጠይቀውንም ያሟላል። ሆኖም ውጤቱ ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ 140 የመከላከያ ፕሮግራም ምዘናዎችን መርምሮ፣ ጥቃት የመፈጸም ባሕርይን መቀነሳቸው በጠንካራ ዘዴ የተረጋገጠ ሦስት ስልቶችን ብቻ አግኝቷል። ከሦስቱ ሁለቱ ለታዳጊ ተማሪዎች የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ሲሆኑ ሦስተኛው በ1994 በወጣ የአሜሪካ ሕግ የተመደበ ገንዘብ ነው። የአንድ ጊዜ አጭር ትምህርት ከመካከላቸው አልነበረም።

በቦታው የተገኙ ሰዎች ጣልቃ መግባት

የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ሙከራ አንድ ችግር ሲፈጠር ብዙ ሰው በቦታው ካለ እያንዳንዱ ሰው ለመርዳት የመነሳት ዕድሉ እንደሚቀንስ አሳዩ። እያንዳንዱ «ሌላው ይረዳል» ብሎ ያስባል። ይህን ግኝት መሠረት አድርገው በኒው ሃምፕሻየርና በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን ጣልቃ ለመግባት የሚያሠለጥኑ ፕሮግራሞች ተጀመሩ።

የእነዚህ ፕሮግራሞች መነሻ ተማሪን ሁሉ እንደ አጥቂ ወይም እንደ ተጠቂ ከማየት ይልቅ እንደ ምስክርና ረዳት ማየት ነው። ሥልጠናው ሦስት ዓይነት እርምጃዎችን ያስተምራል። የመጀመሪያው በቀጥታ መናገር ነው፤ ለምሳሌ ጓደኛን «ተው፣ አትፈልግም» ማለት። ሁለተኛው ሁኔታውን ማደናቀፍ ነው፤ ልጅቷን «ስፈልግሽ ነበር፣ ነይ አብረን እንሂድ» ብሎ ማውጣት። ሦስተኛው ሌላ ሰው መጥራት ነው፤ ፕሮክተር፣ ጥበቃ ወይም የልጅቷን ጓደኛ። በቀጥታ ለመናገር የሚፈራ ሰው ሌሎቹን ሁለት መንገዶች መጠቀም መቻሉ የሥልጠናው ጥቅም ነው።

በኬንታኪ በ26 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተደረገ የአምስት ዓመት ጥናት ሥልጠናው በተሰጠባቸው ትምህርት ቤቶች ጾታዊ ጥቃት ቀንሶ ተገኝቷል። ለውጡ በግልጽ የታየው ግን በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ነው። አንድ ዓመት ሞክሮ ያቆመ ተቋም ይህን ውጤት ባላየ ነበር።

የመቋቋም ሥልጠና

እስካሁን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው ፕሮግራሞች አንዱ በካናዳዊቷ ተመራማሪ ሻርሊን ሴን የተዘጋጀው ነው። ሥልጠናው እያንዳንዳቸው ሦስት ሰዓት በሚወስዱ አራት ክፍሎች፣ በድምሩ 12 ሰዓት ይሰጣል። ሴት ተማሪዎች በሚያውቁት ሰው በኩል የሚመጣን አደጋ መለየት፣ አደጋውን ለራስ ላለማመን የሚያደርጉ ስሜቶችን ማወቅ፣ በቃልና በአካል መከላከልን መለማመድ ይማራሉ። የመጨረሻው ክፍል እያንዳንዷ ከግንኙነት ምን እንደምትፈልግና ምን እንደማትፈልግ ለራሷ የምታውቅበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ጥናት በሦስት የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ 893 የመጀመሪያ ዓመት ሴት ተማሪዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ሥልጠናውን ወሰደ፤ ሌላኛው በዩኒቨርሲቲዎች የተለመደውን በራሪ ጽሑፍ አገኘ። በአንድ ዓመት ውስጥ የመደፈር አደጋ በራሪ ጽሑፍ ባገኙት ዘንድ 9.8 ከመቶ ሲሆን በሠለጠኑት ዘንድ 5.2 ከመቶ ሆነ። የመድፈር ሙከራ ደግሞ ከ9.3 ወደ 3.4 ከመቶ ዝቅ አለ።

ይህ ፕሮግራም ክርክር አስነስቷል። አንዳንዶች ሴቶችን ብቻ ማሠልጠን የመከላከልን ሸክም በተጠቂዋ ላይ ይጥላል፣ ሥልጠናውን ያልወሰደችውን ወይም ወስዳ ጥቃት የደረሰባትንም ለወቀሳ ያጋልጣል ይላሉ። አዘጋጆቹ ሥልጠናው ኃላፊነቱ ሁልጊዜ የአጥቂው መሆኑን በግልጽ እንደሚያስተምርና ወንዶችን የሚለውጥ ሥራ ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ ሴቶች የሚጠቅም እውቀት ሊነፈጋቸው እንደማይገባ ይመልሳሉ።

ከወንዶች ጋር መሥራት

ከጥቃት በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የጓደኛሞች ግፊት ነው። ብዙ ወንድ ተማሪዎች ጓደኞቻቸው ከእነሱ ይልቅ ጥቃትን እንደሚደግፉ ወይም በሴቶች ላይ የሚነገር ስድብ እንደሚያስደስታቸው አድርገው ይገምታሉ። በእውነቱ ብዙዎቹ አይስማሙም፤ ግን ዝም ስለሚሉ እያንዳንዱ ብቻውን የተለየ ይመስለዋል። ይህን የተሳሳተ ግምት ማረም በወንዶች ላይ ያተኮሩ ፕሮግራሞች አንዱ ዓላማ ነው።

ጥቃት የሚፈጽሙት እነማን ናቸው የሚለውም ያከራክራል። ዴቪድ ሊሳክና ፖል ሚለር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ከ1,882 ወንድ ተማሪዎች 120ዎቹ በሕግ መድፈር ወይም ሙከራ የሚባል ድርጊት መፈጸማቸውን ሲያምኑ፣ ከእነዚህም 76ቱ ድርጊቱን ደጋግመዋል። በዚህ መሠረት ጥቂት ደጋጋሚዎችን ለይቶ ማስወጣት ይበቃል የሚል አስተያየት ተስፋፋ። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ጥቃት ከፈጸሙት ወንዶች አብዛኞቹ በየዓመቱ የሚደጋግሙ እንዳልሆኑ አሳየ። ስለዚህ ደጋጋሚዎችን መቅጣት አስፈላጊ ቢሆንም በመከላከል ፈንታ ሊቆም አይችልም።

አካባቢን መለወጥ

የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጄኒፈር ኸርሽና ሼመስ ካን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት መጽሐፍ የግቢ ሕይወት አሠራር ራሱ ለጥቃት መንገድ እንደሚከፍት ያስረዳሉ። ለምሳሌ ሁለት ተማሪዎች ቁጭ ብለው የሚያወሩበት የጋራ ቦታ ከሌለ የሚሄዱት ወደ አንደኛው ክፍል ነው፤ በክፍሉም ያለው መቀመጫ አልጋ ብቻ ነው። ክፍሉ፣ መጠጡና የመመለሻ ትራንስፖርቱ የማን ነው የሚለው ማን ሥልጣን እንዳለው ይወስናል። በኒው ዮርክ ከተማ ትምህርት ቤቶች የተሞከረ ሌላ ፕሮግራም ተማሪዎች የሚፈሩባቸውን ቦታዎች በካርታ ላይ እንዲያሳዩ አድርጎ በእነዚያ ቦታዎች ክትትል እንዲጨምር አድርጓል። ከላይ በተጠቀሰው የ2014 ግምገማ ውጤታማ ከተባሉት ሦስቱ አንዱ ይህ ነው።

ጥቃት ከደረሰ በኋላ

የተቋሙ ምላሽ ለቀጣዩ መከላከል መሠረት ነው። ካርሊ ስሚዝና ጄኒፈር ፍሬይድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ተቋማቸው ችላ ያላቸው ወይም ጉዳዩን የሸፈነባቸው ተጠቂዎች የበለጠ የጭንቀት ምልክት እንደሚታይባቸው አሳይተዋል። ቅሬታ ያቀረበች ተማሪ ስትሸማቀቅ ያዩ ሌሎችም ዝም ይላሉ፤ አጥቂውም ተጠያቂ እንደማይሆን ይረዳል።

ሕክምናን በተመለከተ ጊዜ ወሳኝ ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ያለበት ሲሆን፣ በቶሎ ሲጀመር የተሻለ ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል፤ እሱም በዘገየ ቁጥር ውጤቱ ይቀንሳል። ሰውነትን ሳይታጠቡና ልብስን ሳያጥቡ ወደ ሕክምና መሄድ ማስረጃን ለመጠበቅ ይረዳል። ታጥባ የመጣችም ብትሆን ሕክምና ማግኘት ትችላለች፤ ይገባታልም።

በኢትዮጵያ

በ1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ነው። ተማሪዎች በትምህርት ሚኒስቴር ስለሚመደቡ ብዙዎቹ ከቤተሰባቸው በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው፣ አንዳንዴም ቋንቋውን በማያውቁት ከተማ፣ በግቢ ዶርም ይኖራሉ። ይህ አዲስ ገቢ ሴት ተማሪን በቅርብ የሚያውቃት ዘመድ በሌለበት ቦታ ላይ ያስቀምጣታል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ወንጀሉ በትምህርት ተቋም ውስጥ በአጥቂው ኃላፊነት ወይም ቁጥጥር ሥር ባለች ሴት ላይ ሲፈጸም ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። አንቀጽ 625 ደግሞ መምህርን በስም ጠቅሶ፣ በሥልጣኑ ወይም በሴቷ ችግር ተጠቅሞ ግብረ ሥጋ የፈጸመን ሰው በተበዳይ አቤቱታ ያስቀጣል። ለውጤት ሲባል የሚቀርብ ወሲባዊ ጥያቄ እንግዲህ የሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ወደ ወንጀል የሚያደርስ ነገር ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤቶች አሏቸው፤ ለአዲስ ገቢ ሴት ተማሪዎች ገለጻ፣ ማጠናከሪያ ትምህርትና የምክር አገልግሎት ይሰጣሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የተጀመረው የሎው ሙቭመንት የተባለው የተማሪዎች እንቅስቃሴ ስለ ጾታዊ ጥቃት በግቢው በግልጽ እንዲነገር ሠርቷል። በአዲስ አበባ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ደግሞ ሕክምናን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ቦታ ያገናኘ ማዕከል አለ፤ ተጠቂዋ ታሪኳን ከቢሮ ቢሮ እየዞረች እንዳትደጋግም ለማድረግ የታሰበ ነው።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የተደረጉ ብዙዎቹ ጥናቶች በአንድ ግቢ የተወሰኑና የተለያየ ትርጉም የሚጠቀሙ በመሆናቸው ቁጥሮቻቸውን ማወዳደር አስቸጋሪ ነው። በውጭ የተሞከሩ ፕሮግራሞችንም እንዳሉ መውሰድ አይቻልም። በአሜሪካ ትምህርቱ በብዛት የሚያተኩረው በመጠጥ ግብዣዎች ላይ ነው፤ እዚህ ግን በምሽት ከቤተ መጻሕፍት ወደ ዶርም የሚወስደው መንገድ፣ ከግቢ ውጭ የሚከራይ ቤት፣ የገንዘብ እጥረትና የመምህር የውጤት ሥልጣንም መታየት አለባቸው። «ገመናን መሸፈን»ና «ምን ይሉኛል» የሚሉት ልማዶችም ተጠቂዋን ዝም ያሰኛሉ፤ ወሬው ከወጣ ስሟ የሚነሳው የእሷ እንጂ የአጥቂው አይደለምና።

በሌላ በኩል ለመከላከል የሚጠቅም ልማድም አለ። ተማሪዎች በማታ ተጠራርተው በቡድን መመለሳቸው፣ በዶርም የአንድ ክፍል ልጆች አንዷ ስትዘገይ መፈላለጋቸው፣ ሲኒየሮች አዲስ ገቢዎችን እንደ እህት መቀበላቸው ጣልቃ የመግባት ሥልጠና የሚገነባበት መሠረት ነው። ሥልጠናው የሚጨምረው አደጋው ብዙ ጊዜ ከሚታወቅ ሰው እንደሚመጣ ማወቅን፣ ምን ማለትና ማንን መጥራት እንደሚቻል አስቀድሞ መለማመድን ነው።

የጥሩ ፕሮግራም መለያዎች

በጥናት ውጤታማ ሆነው የተገኙ ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው ነገሮች አሉ። በአንድ ቀን አያልቁም፤ በበርካታ ክፍለ ጊዜ ይሰጣሉ ወይም ለዓመታት ይቀጥላሉ። ተማሪዎች ቁጭ ብለው ከመስማት ይልቅ ይለማመዳሉ። ተማሪ የሚሰማው ሰው፣ ለምሳሌ የታወቀ ተማሪ ወይም በሥራው የሠለጠነ ባለሙያ፣ ያስተምራቸዋል። ከደንብ፣ ከታመነ የቅሬታ ሥርዓትና ከአካባቢ ለውጥ ጋር ይያያዛሉ። በመጨረሻም ከመጀመራቸው በፊትና ከዓመታት በኋላ ስም በማይጠቀስበት መጠይቅ ይለካሉ፤ በዚህ መንገድ ያልተለካ ፕሮግራም ግን ጥቃትን መቀነሱን ማረጋገጥ አይቻልም።